የወረቀት ፀሐይና የእናቶቻችን ክረምት

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከሚኒሶታ በዋትስአፕ ፎቶ ላከችልኝ። የምትሠራው አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የምትሠሩትን ሥራ ማለት ነው። ፎቶው ላይ አንድ ሰፊ ግድግዳ አለ። ከወረቀት ሳህን የተሠሩ ቢጫ ፀሐዮች፣ ከሰማያዊ ወረቀት የተቆረጠ ባሕር፣ የባሕር ዳር ጃንጥላ፣ ነጠላ ጫማ፣ ቀይ ሐብሐብ ተለጥፎበታል። ከሥሩ «ዛሬ ከአዛውንቶቼ ጋር የሠራነው ነው። ሰመር ገባ!» ብላ ጽፋለች።

ስልኬን ይዤ ለጎረቤታችን ለእማማ አሳየኋቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ ክፍል ይኖራሉ። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ «ወሩ ሐምሌ አይደለም እንዴ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ፀሐይ ከየት መጣ?» አሉኝ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን።

ማታ ፎቶውን ግሩፓችን ላይ ሳጋራው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሳቅ መጣ። «ለሽማግሌ ሰው የሙአለ ሕፃናት ሥራ!» ያለ አለ። «እኛ የቤት ኪራይ አጥተን እነሱ ወረቀት ይቆርጣሉ» ያለም አለ። አንዱ ወንድማችን «አገራችን ቢሆን እኮ አዛውንት ቁጭ ብሎ ይመርቃል እንጂ ሙጫ አይቀባም» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ላይክም አገኘ።

እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ። በማግስቱ ግን የእማማ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ነገሩ ተራ የወረቀት ጌጥ አይደለም ብዬ ስለማምን ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ታገሡኝ።

መጀመሪያ ያ ግድግዳ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። እህቴን ደውዬ ጠየቅኳት። የሚጦሩበት ቤት በክረምትም በበጋም ሙቀቱ አንድ ነው አለችኝ። ኮሪደሩ አንድ ነው፣ መብራቱ አንድ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል። የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ደግሞ ጠዋት ሲነሳ የት እንዳለ፣ ወሩ ምን እንደሆነ ይጠፋበታል። ስለዚህ በር ላይ አንድ ሰሌዳ አለ፦ ዛሬ ይህ ዕለት ነው፣ ወሩ ይህ ነው፣ ወቅቱ ይህ ነው፣ ውጭ ያለው አየር እንዲህ ነው ይላል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ፀሐይ፣ ከዚያ የሚረግፈው ቅጠል፣ ከዚያ በረዶው፣ ከዚያ አበባው የዚያ ሰሌዳ ታላቅ ወንድም ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀና ሲል ጊዜውን ያያል።

ይህ አሠራር የተጀመረው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ በሽተኛው በተሳሳተ ቁጥር ያርሙት ነበር። በኋላ ሰውን ደጋግሞ ማረም ያስጨንቀዋል፣ ያዋርደዋል የሚሉ ባለሙያዎች መጡ። ማረሙ ረገብ አለ፤ ሰሌዳውና ግድግዳው ግን ቀሩ።

ሁለተኛው ጥቅም ለእጅ ነው። መቀስ መያዝ፣ ወረቀት ማጠፍ፣ ክር መሳብ ጣትን ያፍታታል። ስትሮክ የመታው ሰው ቀስ እያለ እጁን እንዲያዝ ይረዳዋል። ሦስተኛው ጥቅም ወሬ ነው። እህቴ እንደነገረችኝ ለወራት ከማንም ጋር ያልተነጋገሩ አንድ ሽማግሌ ሰማያዊውን ወረቀት ሲያዩ ከአባታቸው ጋር ዓሣ ያጠመዱበትን ሐይቅ አንስተው ግማሽ ሰዓት አወሩ። አስቡት፤ ወራት ሙሉ በረዶ በሚወርድበት አገር ላደገ ሰው ፀሐይ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ያ የወረቀት ፀሐይ ለእሳቸው ልጅነታቸው ነው። አንሳቅባቸው።

ሥራው ሲበላሽም አይቻለሁ ትላለች እህቴ። ሠራተኛዋ ሁሉንም ራሷ ትቆርጥና አዛውንቷ ሙጫ ብቻ እንዲቀቡ ታደርጋለች። ሲጨርሱ «ጎበዝ!» ብላ ታጨበጭባለች፤ ስማቸውንም እንደ ሕፃን ተማሪ በወረቀቱ ጥግ ትጽፋለች። ስድስት ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ይከፋዋል። የግሩፓችን ወንድም የተናገረው ለእንደዚህ ያለው ከሆነ ልክ ነው። ለሥራው በጠቅላላው ከሆነ ግን ተሳስቷል። ለመሆኑ የእኛ እናቶች ቁጭ ብለው መርቀው ብቻ ነበር እንዴ የኖሩት? ስፌት የሰፋው ማን ነው? አክርማውን አርጥቦ፣ አለላውን አቅልሞ፣ በወስፌ እየወጋ ሰፌዱንና መሶቡን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ማን ነው? ሐረር ቤት ገብታችሁ የምታውቁ፣ የሳሎኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን የተሸፈነ አይደለም? የጭቃ ቤታችንን ግድግዳ ጋዜጣ እየለጠፈ ያስዋበው ማን ነበር? ግድግዳ ማስጌጥ ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። «ሐምሌ አይደለም እንዴ?»

ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንዲህ ነበር፦ ክረምት ማለት ዊንተር፣ በጋ ማለት ሰመር። ብዙ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ ይላል። ነገር ግን የፈረንጁ ሰመር ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚውለው። እነዚህ ወራት ደግሞ ለእኛ ደገኞች የዝናብ፣ የጭቃ፣ የጉምና የብርድ ወራት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። በጋው የሚመጣው ፈረንጁ በረዶ ሲጠርግ ነው። ቃሉን በቃል ስንተረጉም ወሩ ይገለበጣል፤ ወሩን በወር ስንተረጉም ቃሉ ይገለበጣል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዱን ተማሪ «የክረምት ተማሪ» ስንለው ሌላው «የሰመር ተማሪ» ይለው የለም? እኛው ራሳችን ሁለቱን ቃላት ለአንድ ጊዜ እንጠቀምባቸዋለን።

ይህ ቀልድ ይመስላል። ግን አንዲት እናት ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከእኛ ሰፈር በሪሴትልመንት ወደ አንድ የአውሮፓ አገር የሄዱ ናቸው። ልጃቸው እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስምና አገር አልጠራም።

እናቲቱ እንቅልፍ አጡ፤ በዚያ አገር በሐምሌ ፀሐይ እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። ሲጨነቁ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሙ አጭር የአእምሮ ምርመራ አደረገላቸው። ይህ ምርመራ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው፤ ከ30 ነጥብ ይታሰባል። ከ24 በታች ያመጣ ሰው የመርሳት በሽታ እንዳይኖርበት ይጠረጠራል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ስለ ጊዜ ናቸው፦ ዓመቱ፣ ወቅቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ዕለቱ።

የተመረመሩት እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2023 ነበር። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ዓመቱ ስንት ነው? «2015።» ወቅቱስ? «ክረምት።» አስተርጓሚው «ዊንተር» አለ። ወሩስ? «ሰኔ።» ቀኑስ? «26።» ዕለቱስ? «ሰኞ።» ከአምስቱ ልክ ተብሎ የተያዘላቸው ሰኞ ብቻ ነው። በጠቅላላው 22 አመጡ።

ወገኖቼ፣ እኚህ እናት አንድም አልሳቱም። ሰኔ 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ዘመነ ክረምት የሚገባባት ዕለት ራሷ ናት። አብዛኞቻችን ወጣቶች ያን ዕለት ብንጠየቅ የአገራችንን ቀን በትክክል አንናገርም ነበር። እሳቸው በደንብ ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁት ግን በሐኪሙ ወረቀት ላይ ስላልነበረ አራት ነጥብ ወደቁ። አራቱ ቢጨመር 26 ይሆናል። ልጃቸው ነገሩን አስረድቶ ምርመራው በሌላ አስተርጓሚ እስኪደገም ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት ውስጥ ቤተሰቡ «እማዬ ጃጀች» ብሎ አምኖ ነበር። ገንዘብ እንዳይዙ፣ ብቻቸውን እንዳይወጡ ተከለከሉ። እሳቸውም ዝም አሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን አንብባችሁ «የእኔም እናት ምንም አልሆነችም፣ የካሌንደር ጉዳይ ነው» ብላችሁ ምርመራ እንዳትተዉ። የመርሳት በሽታ በእኛም ውስጥ አለ። «እርጅና ነው» እያልን እንደብቀዋለን፣ ሰው ምን ይለናል ብለን ቤት እንዘጋበታለን። ምርመራው ይደረግ። ስትሄዱ ግን ለሐኪሙም ለአስተርጓሚውም አስቀድማችሁ ንገሩ፦ የእኛ ዓመት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል፣ ወራችን በሌላ ቀን ይገባል፣ ክረምታችን የዝናብ ወቅት ነው በሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ ግድግዳው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ ካሌንደር ከሆነ የማን ካሌንደር ነው? አንዲት የጎጃም ወይም የአርሲ እናት በሐምሌ ወር የባሕር ዳር ጃንጥላ ፊት አስቀምጠን «ወቅቱን እንዲያስታውሱ እየረዳናቸው ነው» ብንል፣ ያለንን ትዝታ ነው የምናምታታባቸው። አሸዋማ ባሕር ዳር ተቀምጠው አያውቁም። ያ ስዕል የሚያነሳው ወሬ የለም። ወሬ የማያነሳ ጌጥ ደግሞ ለአዛውንት ባዶ ግድግዳ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ በሚኒሶታም፣ በሲያትልም፣ በስዊድንም፣ በጀርመንም ያላችሁ፣ የምለምናችሁ ይህ ነው። የፈረንጆቹን ፀሐይ አታውርዱ፤ የእነሱ ነው፣ ይገባቸዋል። ከእኛ ወገን አንድ አዛውንት እዚያ ቤት ካሉ ግን ከጎኑ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ጠይቁ። ከዚያ ወረቀት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቋቸው፦ «እማማ፣ ሐምሌ እርስዎ ቤት ምን ይመስል ነበር?»

የሚመልሱላችሁ ነው መሠራት ያለበት። ከደጋ የመጡት ጉም፣ ገሳ ለብሶ የሚያርስ ገበሬ፣ የሞላ ወንዝ፣ ከሰል ላይ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ይሏችሁ ይሆናል። ነሐሴ ላይ ቡሄ አለ፤ ጅራፉ፣ ችቦው፣ ሙልሙሉ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል፤ እሱን ግድግዳ ላይ ካያችሁ ሰሌዳ አያስፈልግም። ከትግራይ የመጡት በነሐሴ አጋማሽ አሸንዳን፣ ከላስታና ከዋግ የመጡት አሸንድዬንና ሻደይን ይነግሯችኋል፤ ሣሩን ወገብ ላይ እንዴት እንደሚያስሩት በወረቀት ጥብጣብ ያሳዩአችኋል። የኦሮሞ እናት ዝናቡ አልፎ ሐይቅ ዳር ሣርና አበባ ይዘው የሚያመሰግኑበትን ኢሬቻን ያነሳሉ። ከሶማሌ ወገን የሆኑት ደግሞ ከእኛም ይለያሉ፦ ዝናባቸው ጉ ነው፣ ከዚያ ያለው ሐጋ ነው፤ ሐምሌ ለእሳቸው ደረቅና ነፋሻ ነው። «ሐበሻ ስለሆኑ አደይ አበባ ለጥፌላቸዋለሁ» ማለት የፈረንጁን ስሕተት በእኛ እጅ መድገም ነው። ሙስሊም እናቶች ቤትም እንዲሁ፤ ዒድና መውሊድ ከጨረቃ ጋር ስለሚዞሩ ወቅት አይናገሩም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እሸቱ፣ ስለ ከብቱ ጠይቋቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ እዚህ ነው የሚያመኝ።

እህቴ የማታውቃቸውን ሰዎች ግድግዳ በፀሐይ ታስጌጣለች፤ ደመወዝም ይከፈላታል፤ እሰየው። የእኛ የራሳችን አዛውንቶች ግን ናይሮቢ ውስጥ ምን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ? አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አከራዩ ሚስማር እንዳይመታበት የከለከለው ግድግዳ። ልጆቹ ጠዋት ለእንጀራ ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ናይሮቢ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌ የዓመቱ ብርዳማ ወር ነው፤ ደመናው ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። ዝናቡ ግን በመጋቢትና በጥቅምት እንጂ በሐምሌ አይመጣም። ስለዚህ እማማ ከቤት ቢወጡም ወሩን የሚነግራቸው ነገር የለም። ብርዱ የአገራቸው ነው፣ ዝናቡ የለም። በጋም አይደል ክረምትም አይደል። ስምንት ዓመት እንደዚህ ኖረዋል።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን 60 ዓመት የሞላውን ሰው አረጋዊ ይለዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዕድሜ፣ የጾታና የብዝኃነት ፖሊሲ ላይም አረጋውያን በሚመለከታቸው ጉዳይ ይሳተፉ ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። እኔ ግን መውቀስ የምጀምረው ከራሴ ነው። በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን የዓለም የስደተኞች ቀን ሲከበር ወጣቱ ይናገራል፣ ሕፃናቱ ይጨፍራሉ፣ እናቶች ቡና ያፈላሉ። አዛውንቶቹን ወንበር ላይ አስቀምጠን ፎቶ እናነሳቸዋለን። በእነዚህ ዓመታት ስንት ፕሮፖዛል ጻፍኩ! ለወጣቶች የኮምፒውተር ሥልጠና፣ ለሴቶች የስፌት መኪና፣ ለሕፃናት ኳስ። ለአዛውንት አንድም አልጻፍኩም። ማንም አልከለከለኝም፤ አላሰብኳቸውም።

ስለዚህ ካለፈው ወር ጀምሮ አንድ ትንሽ ነገር ጀመርን። አንድ ወገናችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆን ክፍል ሰጠን። የመጀመሪያው ቀን አምስት አዛውንቶች መጡ፣ አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀን አንድ ጋሼ መቀስ ስሰጣቸው «እኔን ሕፃን አደረግከኝ?» ብለው ተቆጡ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አገር ቤት መምህር ነበሩ። ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና አንደኛዋ እናት «ሐምሌ» ብለው በተጣመመ ፊደል ሲጽፉ አላስችል አላቸው፤ ተነስተው ማርከሩን ተቀበሏቸው። አሁን የአሥራ ሦስቱን ወራት ስም በትልቁ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር የፈረንጁ ወር ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይጽፋሉ። ስሕተት ካገኙ ያስቀድዱናል።

ስፌት የሚያውቁት እናት አክርማ ከየት ይምጣ ብለው አዘኑ። በኋላ ገበያ ወጥተን የኬንያ ሴቶች ኪዮንዶ የሚሠሩበትን የሲሳል ገመድ አገኘንላቸው። «ይሄማ ለገመድ እንጂ ለስፌት!» አሉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን የሚንጠለጠል ሰፌድ ሠሩ። ክረምት ስፌት የሚሰፋበት ጊዜ እንደነበር፣ ዝናቡ ሲያስቀራቸው ሴቶቹ አንድ ቤት ተሰብስበው እንደሚሰፉ ያወሩት ያን ቀን ነው። ልጃቸው ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር።

አደይ አበባውን ስንሠራ ደግሞ ጠብ ተነሳ። ቅጠሉ ስንት ነው? አንዳቸው ስድስት አሉ፣ አንዳቸው ስምንት። እስካሁን አልተፈታም። ስልክ አውጥቼ ላሳያቸው ስል «ተወው፣ አንተ ምን ታውቃለህ» ተባልኩ። ያን ያህል የተሟሟቀ ወሬ በእነሱ መካከል ሰምቼ አላውቅም።

ልታደርጉት ለምትፈልጉ፣ ተሳስተን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

ግድግዳው ላይ አትለጥፉ። አከራይ ይጣላችኋል፤ ደግሞም ስደተኛ ቤት ይለቃል። እኛ ሁለት ሜትር ተኩል አቡጀዲ ገዛንና ሁሉንም እሱ ላይ ሰፋንበት፣ ለጠፍንበት። ላይና ታቹ ላይ እንጨት አለው፤ በገመድ ይንጠለጠላል፣ ሲያልቅ ይጠቀለላል። አንዷ እናት «ሲጠሩኝ ይዤው እሄዳለሁ» ብለዋል፤ ሪሴትልመንታቸውን ማለታቸው ነው።

ሙጫ አትግዙ። አንድ ስኒ ዱቄት በአራት ስኒ ውኃ እያማሰላችሁ ስታፈሉት ለወረቀት በቂ ሙጫ ይሆናል። ሳይጎመዝዝ በዚያው ቀን ጨርሱት። ወረቀት፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ከልብስ ሰፊ ቤት የሚጣል የኪቴንጌ ቁራጭ በነፃ ይገኛል።

እጁ ለሚንቀጠቀጥ መቀስ አትስጡ። ወረቀት በእጅ መቅደድ ይችላል፤ የተቀደደ ጠርዝ ለጉምና ለተራራ ከተቆረጠው ይበልጣል።

ቢጫን በነጭ ላይ አትለጥፉ። ያረጀ ዓይን፣ በተለይ ሞራ የጀመረው፣ አይለየውም። አደያችንን መጀመሪያ ነጭ ላይ ሠርተን ሦስቱ እናቶች «የታለ?» አሉን። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ስንዘረጋበት ሁሉም አዩት።

ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉ። እኛ ቆመን ነው የምንሰቅለው፣ እነሱ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ አካባቢ መሐሉን አድርጉት። ከጂኮውና ከሻማው አርቁት፣ ወረቀት ነው።

የመርሳት ችግር ላለበት ሰው አተር፣ ምስር፣ ዶቃ የመሰለ ትንሽ ነገር አትስጡ፤ ወደ አፍ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓትም አታስበልጡ። «ጎበዝ» ፋንታ «ይሄ ምንድን ነው፣ ንገሩኝ» በሉ።

«ኪራይ ሳይከፈል ጌጥ?» የሚለውን ጥያቄ አልሸሸውም። ልክ ናችሁ፤ አቡጀዲ ኪራይ አይከፍልም፣ የታሰረ አያስፈታም፣ ፋይል አያንቀሳቅስም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። የእኛ አዛውንቶች ፋይል ላይ ቀን አለ። ቃለ መጠይቅ ላይ «መቼ ወጣህ? መቼ ታሰርክ? ባልሽ መቼ ሞተ?» ይባላሉ። «በክረምት፣ 97 ላይ» ብሎ የሚመልስ አባት ክረምቱ ዊንተር፣ ዓመቱ የፈረንጅ ሆኖ ቢጻፍበት ታሪኩ ከሌላው ወረቀት ጋር አይገጥምም። ያልገጠመ ታሪክ ደግሞ ውሸት ይመስላል። ማንም ታሪክ አይሠራላቸው፤ የራሳቸውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አውቀው «ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው» ማለት መቻላቸው ግን መብታቸው ነው። መምህሩ ጋሼ የሚጽፉት የወራት ሰንጠረዥ ለዚህም ይሆናል። ባለፈው ረቡዕ አንድ አባት ጣታቸውን ሰንጠረዡ ላይ እያስኬዱ የልጃቸውን የሞት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንጅ ወር አወቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እህቴ ይህን ሁሉ ነግሬያት በሚቀጥለው ቀን ሌላ ፎቶ ላከች። እዚያ ቤት አንዲት ኤርትራዊት እናት እንዳሉ አላውቅም ነበር። ከፀሐዮቹ ጎን፣ በግራጫ ወረቀት፣ ጉምና ዝናብ ሠርተዋል፤ ዝናቡ በብር ክር ነው። ከሥሩ የተጻፈው በትግርኛ ነው። ለእማማ አሳየኋቸው። ራቅ አድርገው አዩ፣ ቀረብ አድርገው አዩ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ውጭ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ለእናት አባታችሁ ስትደውሉ ብር ደረሰ ወይ ከማለታችሁ በፊት ሐምሌ ልጅነታቸው ላይ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቋቸው፤ የሚሉትን በድምፅ ቅረጹ። እዚህ ናይሮቢ ያላችሁ፣ ቤት የሚውሉ አዛውንት ካሉ ረቡዕ ከሰዓት አምጧቸው፤ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ካሉ ሁለት ወጣት ወንበር ይዘን እንመጣለን፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በካምፓላም፣ በካኩማም ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጀምሩ፤ የሚያስፈልገው ጨርቅ፣ ዱቄትና የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጳጉሜን ላይ አቡጀዲውን እንጨርሳለን ብለናል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ከአደይ ጋር እየጎነጎኑ ምሰሶ ላይ እንደሚያስሩት እማማ ነግረውናል፤ እዚህ ምሰሶ የለንም፣ አቡጀዲው ላይ እናስረዋለን። ልጆቻችን ደግሞ የእንቁጣጣሽ ስዕላቸውን በየቤቱ ከመስጠታቸው በፊት አንድ አንድ ለእነዚህ አዛውንቶች ይስሉላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላል አገራችን። ቢጫ ወረቀት ወይም የጨርቅ ቁራጭ ያለው ያምጣ።

የአደይ ቅጠል ስንት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ካለ ደግሞ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ፤ ረቡዕ ይዤላቸው እገባለሁ፣ ከተቀበሉኝ።

ቸር እንሰንብት።